የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ለአልፎ አልፎ መድረክ የሚበቃ ትንሽ የቲዩብ አምፕሊፋየር

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ሦስት ጥያቄዎች በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የሚሽከረከሩ በመሆናቸው በአንድነት አቅርበናቸዋል።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኤሌክትሪክ ጊታር መጫወት ከጀመርኩ ብዙ ጊዜ ቢሆነኝም የምጫወተው በአብዛኛው ቤቴ ውስጥ ነው። ከጓደኞቼ ጋር ድራም፣ ቤዝ፣ ኪቦርድና ጊታር ያለበት አነስተኛ ባንድ ስላለን ግን በየሁለት ሦስት ወሩ ትንንሽ አዳራሾች ውስጥ መድረክ እንይዛለን። እስካሁን የምገለገልበት የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ስላረጀ በቲዩብ (ድምፅን በመስታወት ቱቦ በሚያጎላ) አምፕሊፋየር ልተካው አስቤአለሁ። አንዱ ጓደኛዬ «5 ዋት ከበቂ በላይ ነው» ሲለኝ ሌላው ደግሞ «ከ50 ዋት በታች የሆነ እንዳትገዛ» ይለኛል። ብቻዬን ተሸክሜው ደረጃ ልወጣ የምችል፣ ቤት ውስጥ ጎረቤት የማያስቀይመኝ፣ መድረክ ላይ ግን የማያሳፍረኝ አምፕሊፋየር የትኛው ነው?

መልስ፦ ጓደኞችዎ የጠሩልዎት ቁጥር ቢራራቅም ሁለቱም የለኩት በዋት ነው፤ ክርክራቸው መቋጫ ያጣውም ለዚሁ ይመስለኛል። ዋት የሚነግረን አምፕሊፋየሩ ለስፒከሩ የሚያቀብለውን ኃይል እንጂ አድማጩ ጆሮ ዘንድ የሚደርሰውን የድምፅ መጠን አይደለም። ኃይሉ በእጥፍ ሲያድግ ድምፁ የሚጨምረው በ3 ዴሲቤል ብቻ ሲሆን፣ ይህ አስተውሎ የሚያዳምጥ ሰው የሚለየው ሆኖም ማንንም የማያስደነግጥ ልዩነት ነው። ጆሯችን «አሁን እጥፍ ሆነ» ብሎ የሚቀበለው ድምፁ ወደ 10 ዴሲቤል ገደማ ሲጨምር ነው፤ ለዚያ ደግሞ ኃይሉ ዐሥር እጥፍ ማደግ ይኖርበታል። ስለዚህ ባለ 50 ዋቱ አምፕሊፋየር በተመሳሳይ ስፒከር ከባለ 5 ዋቱ የሚጮኸው ዐሥር እጥፍ ሳይሆን እጥፍ ያህል ብቻ ነው፤ በ15 ዋትና በ30 ዋት መካከል ያለው ልዩነትም ብዙ ገዢዎች ከሚገምቱት እጅግ ያነሰ ነው።

ታዲያ ከዋት ይልቅ መጠየቅ ያለብዎት ጥያቄ «ድራም ባለበት ክፍል ውስጥ ምን ያህል ንጹሕ ድምፅ ያስፈልገኛል?» የሚለው ነው። የቲዩብ አምፕሊፋየር ቮልዩሙ ከፍ እያለ ሲሄድ መጀመሪያ ድምፁ ይወፍራል፣ ቀጥሎ ጠርዙ ይሻክራል፣ ከዚያም በኋላ ቁልፉን ምንም ያህል ቢያዞሩት ሻካራነቱ ይጨምር እንደሆነ እንጂ መጠኑ እምብዛም አይጨምርም። ይህ ሽግግር ቀስ በቀስ የሚመጣ በመሆኑና ለጆሮም ስለሚጥም ሙዚቀኞች አምፕሊፋየሩን ከተጻፈበት ዋት አሳልፈው ይጫወቱበታል። የትራንዚስተር አምፕሊፋየር ግን አቅሙ ሲያልቅ ድምፁ በድንገት ስለሚበላሽ ተጠቃሚው ከጣሪያው ብዙ ዝቅ ብሎ መጫወት ይመርጣል። «የቲዩብ ዋት ከትራንዚስተር ዋት ይበልጣል» የሚባለው አባባል መነሻው ይህ ነው፤ በመለኪያ ደረጃማ ዋት ዋት ነው።

ድራም በበትር ሲመታ ያለ ምንም ማጉያ አንድን ትንሽ አዳራሽ ይሞላል፤ ድራመሩም እንደ እኛ ዝቅ የሚያደርግበት ቁልፍ የለውም። በአንድ ፓወር ቲዩብ (ስፒከሩን በሚነዳው ትልቁ ቲዩብ) የሚሠራ ባለ 5 ዋት አምፕሊፋየር ይዘው ከእርሱ ጎን ሲቆሙ፣ ለመሰማት ያህል ቮልዩሙን ወደ ላይ ይገፋሉ፤ በምላሹ የሚያገኙት ግን ከፍ ያለ ድምፅ ሳይሆን የሻከረ ድምፅ ነው። የምትጫወቱት ሙዚቃ ሁልጊዜ የሻከረ ጊታር የሚፈልግ ከሆነ ይህ ችግር አይደለም፤ እንዲያውም በማይክ አማካይነት ወደ አዳራሹ ስፒከሮች ከተላከ ባለ 5 ዋቱ በቂ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ኪቦርዱ ረጅም ኮርድ ይዞ ሳለ እርስዎ ከሥሩ አጠር አጠር ባሉ ንጹሕ ኮርዶች ሊያጅቡት ሲሞክሩ ኖታዎቹ እርስ በርስ ይቀላቀሉና የኮርዱ ውስጣዊ ድምፆች ይጠፋሉ። ኪቦርድ ባለበት ባንድ ውስጥ ስለሚጫወቱ ይህ የሚደርስብዎት ይመስለኛልና የመጀመሪያውን ጓደኛዎን ምክር ለመድረክ አልቀበለውም። የሁለተኛውን ምክርም አልቀበለውም፤ ምክንያቱም ባለ 50 ዋት የቲዩብ አምፕሊፋየር ድምፁ ወደሚጥምበት ደረጃ ሲደርስ በትንሽ አዳራሽ ውስጥ የፊተኛውን ረድፍ ተቀማጮች ያስነሳል፣ የአዳራሹ ባለሙያም «እባክህ ቀንስ» ማለቱ አይቀርም፤ ያን ጊዜ ቲዩብ የገዙበት ምክንያት በሙሉ ባክኖ ይቀራል።

ወደ ስፒከሩ ልምጣ፤ ገዢዎች ከሁሉ አሳንሰው የሚያዩት፣ በእኔ ግምት ግን ከዋቱ እኩል ሊመዘን የሚገባው እርሱ ነውና። ማንኛውም የጊታር ስፒከር አንድ ዋት ሲሰጠው በአንድ ሜትር ርቀት ምን ያህል ዴሲቤል እንደሚያወጣ የሚገልጽ ቁጥር አለው። ዝቅተኛ የሆነው 95 አካባቢ ሲሆን በብዛት የሚገኘው 97 ወይም 98 ነው፤ ከፍተኛው 100 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ለምሳሌ ሰለስቲየን ከሚያመርታቸው ታዋቂ ስፒከሮች ግሪንባክ የሚባለው 98፣ ቪንቴጅ 30 የሚባለው ደግሞ 100 ዴሲቤል ተብለው ተመዝግበዋል። አንድ ባለ 15 ዋት አምፕሊፋየር በ100 ዴሲቤል ስፒከር ሲጫወት የሚያወጣው ድምፅ ባለ 30 ዋቱ በ97 ዴሲቤል ስፒከር ከሚያወጣው ጋር እኩል ነው። ወደ ጓደኛዎ ምክር ስንመለስም፣ 95 ዴሲቤል የሆነ ትንሽ ስፒከር የተገጠመለት ባለ 5 ዋት አምፕሊፋየር በስሌት 102 ዴሲቤል ሲያወጣ፣ 100 ዴሲቤል ስፒከር ያለው ባለ 15 ዋት ግን ወደ 112 ዴሲቤል ገደማ ይደርሳል። ከዚህ 10 ዴሲቤል ውስጥ ግማሹ ከዋቱ የመጣ ሲሆን ሌላው ግማሽ ሙሉ በሙሉ የስፒከሩ ሥራ ነው። ስለዚህ አምፕሊፋየሩን ከወደዱት በኋላ ትንሽ ጉልበት ያነሰው ከመሰለዎት ሌላ አምፕሊፋየር ከመፈለግዎ በፊት ስፒከሩን መቀየር ያስቡበት። ሲቀይሩ ግን የአዲሱ ስፒከር የመሸከም አቅም ከአምፕሊፋየሩ ዋት በደንብ የላቀ መሆኑን ያረጋግጡ፤ የቲዩብ አምፕሊፋየር ሲገፋ ከተጻፈበት ዋት በላይ ስለሚያወጣ ለ15 ዋት በትክክል 15 ዋት የሚችል ስፒከር መግጠም ያስጨንቀኛል።

የቲዩቡ ዓይነት ድምፁን ብቻ ሳይሆን ባሕርዩንም ይወስናል። በትንንሾቹ አምፕሊፋየሮች ውስጥ በብዛት የምናገኛቸው ፓወር ቲዩቦች ኢኤል84 እና 6ቪ6 ናቸው። ጥንድ ኢኤል84 በተለመደው አሠራር 15 ዋት አካባቢ ይሰጣሉ፤ ድምፃቸው ብሩህና ጠርዝ ያለው ሲሆን ቶሎ ወደ ሻካራነት ይሸጋገራሉ። በ1958 የወጣው ቮክስ ኤሲ15 የዚህ ድምፅ ዋና ምሳሌ ነው፤ ከ1995 ጀምሮ የሚመረተው ፌንደር ብሉስ ጁኒየርና በ2006 የቀረበው ኦሬንጅ ታይኒ ቴረርም በጥንድ ኢኤል84 ይሠራሉ። ጥንድ 6ቪ6 ደግሞ እንደ ትራንስፎርመሩና እንደ ቮልቴጁ ከ12 እስከ 22 ዋት ይሰጣሉ፤ ድምፃቸው ክብ ክብ ያለና ለስላሳ ነው። በ1960ዎቹ የመጀመሪያ አጋማሽ የወጡት የፌንደር ደሉክስ ሪቨርብና ፕሪንስተን ሪቨርብ የዚህ ወገን ናቸው። ደሉክስ ሪቨርብ 22 ዋትና ባለ 12 ኢንች ስፒከር ሲኖረው ፕሪንስተን ሪቨርብ በዋትም በስፒከርም ከእርሱ አነስ ብሎ ባለ 10 ኢንች ነው። ትልልቆቹ ኢኤል34 እና 6ኤል6 ወደ 50 እና 100 ዋት አምፕሊፋየሮች የሚያዘነብሉ ቢሆኑም እንደ ማርሻል ኦሪጂን 20 ያሉ በጥንድ ኢኤል34 የሚሠሩ ባለ 20 ዋትም አሉ።

በነገራችን ላይ በሻጮች አፍ የሚዘወተረው «ክላስ ኤ» (ቲዩቡ ሳያቋርጥ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍበት አሠራር) የሚል መለያ ብዙ አያስጨንቅዎ። በአንድ ፓወር ቲዩብ የሚሠራ የጊታር አምፕሊፋየር በእርግጥም በዚያ መንገድ ይሠራል፤ በጥንድ ከሚሠሩት መካከል ግን መለያው የተለጠፈባቸው ብዙዎቹ ድምፃቸው ሲጨምር የሚሠሩት ቲዩቦቹ በየተራ በሚያርፉበት በክላስ ኤቢ ነው። ይህን መፈተን የመሐንዲስ ሥራ ነው፤ የእርስዎ ድርሻ ድምፁን መስማት ነው።

እንግዲህ ምርጫዬን በግልጽ ልናገር። በኪቦርድና በድራም መካከል ንጹሕ ድምፅ ለሚያስፈልገው ሰው የምመክረው በጥንድ 6ቪ6 የሚሠራ፣ 20 ዋት ገደማ የሆነ፣ አንድ ባለ 12 ኢንች ስፒከር የተገጠመለትና ከኋላው ክፍት የሆነ ኮምቦ (አምፕሊፋየሩና ስፒከሩ በአንድ ሣጥን የሆኑበት) ነው። ሙዚቃችሁ ወደ ሮክና ብሉዝ የሚያደላ ከሆነና ትንሽ ሻካራነትን እንደ ጉድለት የማያዩት ከሆነ ግን በጥንድ ኢኤል84 የሚሠራው ባለ 15 ዋት ይቀላል፣ ዋጋውም በአብዛኛው ያንሳል። ብሉስ ጁኒየር 14 ኪሎ ገደማ ሲሆን ደሉክስ ሪቨርብ ወደ 19 ኪሎ ይጠጋል፤ ኤሲ15 ከሁለቱም ይከብዳል። አምስት ኪሎ በወረቀት ላይ ትንሽ ነው፤ በአንድ እጅ ጊታር፣ በትከሻ የፔዳል ቦርሳ ይዘው ሦስተኛ ፎቅ ሲወጡ ግን አምስት ኪሎ ብዙ ነው። በሱቅ ውስጥ ከመጫወትዎ በፊት አምፕሊፋየሩን በአንድ እጅ አንሥተው ጥቂት እርምጃ ይራመዱበት፤ የትራንስፎርመሮቹ ክብደት ወደ አንድ ጎን ስለሚያጋድል፣ በኪሎ እኩል የሆኑ ሁለት አምፕሊፋየሮች ለእጅ እኩል አይመቹም።

ስለ ጎረቤትዎ ጉዳይ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር አለ። 15 ዋትን ወደ 7 ዋት የሚያወርድ ማብሪያ ያላቸው አምፕሊፋየሮች ለቤት የተዘጋጁ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ከላይ እንዳልነው ኃይልን በግማሽ መቀነስ 3 ዴሲቤል ብቻ ይቀንሳል። ጎረቤትዎ ልዩነቱን ልብ ላይለው ይችላል። ለቤት የሚረዳዎት ማስተር ቮልዩም ነው፤ ፕሪአምፑን (የጊታሩን ድምፅ መጀመሪያ የሚያጎላውን ክፍል) ከፍ አድርገው መውጫውን ዝቅ ማድረግ ያስችልዎታልና። ያም ሆኖ የፓወር ቲዩቦቹና የስፒከሩ አስተዋጽኦ ስለሚቀር ድምፁ ቀጠን ይላል። ከዚህ የተሻለው በአምፕሊፋየሩና በስፒከሩ መካከል የሚገባ አቴኑዌተር ነው፤ የአምፕሊፋየሩን ኃይል በሙቀት መልክ አጥፍቶ ለስፒከሩ ጥቂቱን ብቻ ያሳልፋል። አቴኑዌተር ሲመርጡ የመሸከም አቅሙ ከአምፕሊፋየርዎ ዋት ቢያንስ እጥፍ ይሁን፤ ኦሙም (የኤሌክትሪክ መቋቋም ልኩም) ከአምፕሊፋየሩ መውጫ ጋር ይጣጣም። ቲዩቦቹ ግን በዚህ ዓይነት ዘወትር ተገፍተው ስለሚሠሩ ቶሎ እንደሚያረጁ ይወቁ። ደሉክስ ሪቨርብን የመሰሉ ማስተር ቮልዩም የሌላቸው አምፕሊፋየሮች ዝቅ ባለ ድምፅ ንጹሕ ሆነው ስለሚጫወቱ፣ ሻካራውን ድምፅ ከኦቨርድራይቭ ፔዳል የሚያገኝ ሰው አቴኑዌተር ሳይገዛም ቤቱ ውስጥ በሰላም ይለማመዳል። እኔ የምመርጠው መንገድ ይህ ነው።

መድረክ ላይ ሌላው የሚረሳ ነገር የድምፁ አቅጣጫ ነው። ባለ 12 ኢንች ስፒከር ቀጭኑን ድምፅ ወደ ፊት እንደ ጨረር አጥብቦ ይልከዋል፤ አምፕሊፋየሩ መሬት ላይ ሲቀመጥ ያ ጨረር በጉልበትዎ በኩል አልፎ በቀጥታ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው ይመታል። እርስዎ ደግሞ ከላይ ሆነው የሚሰሙት የደበዘዘውን ድምፅ ስለሆነ ትሬብሉን ይጨምራሉ፤ ሰውየው ይበልጥ ይቸገራል። አምፕሊፋየሩን ወንበር ላይ ማስቀመጥ ወይም ወደ ኋላ ዘንበል አድርጎ ወደ ጆሮዎ ማዞር ከብዙ ዋት ይሻላል። ከኋላው ክፍት የሆነ ኮምቦ ድምፁን ወደ ኋላም ስለሚረጭ ድራመሩና ቤዚስቱም ይሰሙታል፤ ዝግ የሆነው ግን ጠንከር ያለ ወፍራም ድምፅ ሲኖረው ወደ ፊት ብቻ ይልካል።

አዳራሹ ሚክሰርና ስፒከር ካለው ደግሞ ጉዳዩ ይበልጥ ይቀላል። እንደ ሹር ኤስኤም57 ያለ ተራ ዳይናሚክ ማይክ ከስፒከሩ ጨርቅ ጥቂት ሴንቲሜትር ርቆ፣ ከኮኑ መካከለኛ ክብ ትንሽ ወደ ጠርዙ ፈቀቅ ብሎ ሲቆም፣ ባለ 15 ዋቱ አምፕሊፋየር ትልቅ አዳራሽም ቢሆን ይበቃል። ማይኩ በትክክል መሐል ላይ ሲሆን ድምፁ ይቀጥናል፣ ወደ ጠርዝ ሲሄድ ይለሰልሳል፤ በሳውንድ ቼክ ጊዜ የትሬብሉን ቁልፍ ከመነካካት በፊት ማይኩን በጣት ስፋት ማንቀሳቀስ ይሻላል። ያን ጊዜ የአምፕሊፋየርዎ ሥራ እርስዎንና የባንዱን አባላት ማሰማት ብቻ ይሆናል።

የሚቀሩት ነገሮች እንደየሰዉ ፍላጎት የሚወሰኑ ናቸው። ዲሌይና ሪቨርብ በፔዳል የሚጠቀሙና ሻካራውን ድምፅ ከአምፕሊፋየሩ ፕሪአምፕ የሚያወጡ ከሆነ ኤፌክት ሉፕ (ፔዳሎቹን ከፕሪአምፑ በኋላ የሚያስገባ መሰኪያ) ያለው ይፈልጉ፤ ብሉስ ጁኒየርም ሆነ ደሉክስ ሪቨርብ ይህ የላቸውም። የተጨማሪ ስፒከር መውጫ ቢኖር መልካም ነው። ከሁሉም በላይ ግን ከኋላው የተጻፈውን የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ ያንብቡ። ለ120 ቮልት የተሠራን አምፕሊፋየር 230 ቮልት ላይ መሰካት አምፕሊፋየሩን ማቃጠል ነው፤ ብዙዎቹም በፋብሪካ ለአንድ ቮልቴጅ ብቻ የተዘጋጁ በመሆናቸው መቀየሪያ ማብሪያ የላቸውም። ማውረጃ ትራንስፎርመር የግድ ከሆነ አቅሙን ሲመርጡ የሚያዩት አምፕሊፋየሩ የሚያወጣውን 15 ወይም 22 ዋት ሳይሆን ከግድግዳው የሚስበውን ኃይል ነው፤ ይህም ቲዩቦቹን ማሞቅ ስላለበት ከሚያወጣው ብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ሲሞክሩት የራስዎን ጊታር ይዘው ይሂዱ፤ የሱቁ ጊታር የሚነግርዎት ስለ ሱቁ ጊታር ነው። ሲቻል ደግሞ ከመግዛትዎ በፊት አንድ የልምምድ ቀን ለመዋስ ይጠይቁ። ቮልዩሙን በመድረክ መጠን አድርገው ድራመሩ እየመታ ሳለ በጣም የሚወዱትን ንጹሕ ኮርድ ይምቱ፤ ስድስቱም ክሮች ተለይተው ከተሰሙዎት ፍለጋዎ አብቅቷል።

ጥያቄ፦ አንድ የማውቀው ሰው ያረጀ የቲዩብ ኮምቦ በቅናሽ ሊሸጥልኝ ነው። ድምፁን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ጊታር ሳይሰካበትም ያለማቋረጥ «እም» ይላል፣ ቁልፎቹ ሲዞሩ ይንኳኳሉ፣ አንዳንድ ኖታ ስመታ ደግሞ የሆነ ነገር እንደ ደወል ይጮኻል። ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ፦ ሦስቱ ችግሮች የተለያየ ክብደት አላቸው። ቁልፎች ሲዞሩ መንኳኳታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከአቧራና ከዝገት የሚመጣ በመሆኑ በማጽጃ ስፕሬይ ይስተካከላል፤ ዋጋ ለማስቀነስ ይጥቀሙበት እንጂ አያስፈራዎ።

እንደ ደወል የሚጮኸው ምናልባት ውስጡ የላላ ቲዩብ ነው፤ ይህን እዚያው ሻጩ ፊት መለየት ይቻላል። አምፕሊፋየሩ በርቶ፣ ጊታር ሳይሰካ፣ ቮልዩሙ መካከለኛ ሆኖ ሳለ ትንንሾቹን ፕሪአምፕ ቲዩቦች በእርሳስ ጫፍ በየተራ በስሱ መታ መታ ያድርጓቸው። ጤነኛው ቲዩብ በስፒከሩ ውስጥ ደብዘዝ ያለ ኳኳታ ቢያሰማ ነው፤ የታመመው ግን ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ጩኸቱም ይቆያል። ብዙዎቹ አምፕሊፋየሮች የሚጠቀሙበት 12ኤኤክስ7 የተባለው ፕሪአምፕ ቲዩብ በቀላሉ ይገኛል፤ አምፕሊፋየሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ ነቅሎ በአዲስ መተካት ነው፣ ምንም ማስተካከያ አይጠይቅም። ቲዩቦቹ ሁሉ ዝም ካሉ ደግሞ የላላ ብሎን ወይም የስፒከሩ ጨርቅ ክፈፍ ሊሆን ይችላልና ሣጥኑን በእጅዎ ጫን እያሉ ይፈትሹ።

«እም» የሚለው ድምፅ ግን በጥሞና ይታይ። ቮልዩሙን ዜሮ ላይ ሲያደርጉት የሚጠፋ ከሆነ ችግሩ ከቁልፉ በፊት ካለው ክፍል ነው፤ ምናልባትም ቲዩብ ነው። ቮልዩሙ ዜሮ ሆኖም የሚቀጥል ከሆነ በመጀመሪያ የሚጠረጠሩት የኃይል ማጣሪያ ካፓሲተሮቹ ናቸው። እነዚህ በውስጣቸው ያለው ፈሳሽ በዕድሜ ብዛት ስለሚደርቅ ሃያ ዓመት ያለፈው አምፕሊፋየር ተቀይረውለት ካልሆነ ሊቀየሩለት ይገባል። ሥራው የባለሙያ ስለሆነ ዋጋውን ከአምፕሊፋየሩ ዋጋ ላይ ደምረው ያስሉ። እባክዎ ራስዎ ከፍተው አይንኩት፤ እነዚህ ካፓሲተሮች አምፕሊፋየሩ ከግድግዳው ከተነቀለ በኋላም ከ300 ቮልት የሚበልጥ ኤሌክትሪክ አምቀው ሊቆዩ ስለሚችሉ ሰው ይገድላሉ።

ክፍሉን ጨለም አድርገው ከኋላ በኩል ትልልቆቹን ቲዩቦችም ይመልከቱ። ከውስጥ በኩል ብርቱካናማ ሆኖ የሚታየው ማሞቂያ ክር የተለመደ ነው፤ ጥቁሩ ወይም ግራጫው የብረት ቆርቆሮ ራሱ ከቀላ ግን ወዲያውኑ ያጥፉት። የቀላ ቲዩብ ከአቅሙ በላይ እየሠራ ነው፤ ምክንያቱ የቲዩቡ መበላሸት፣ የባያስ (የቲዩቡ የሥራ መነሻ ልክ) መዛባት ወይም ከዚያ የባሰ ሊሆን ይችላል። ፓወር ቲዩቦች ሲቀየሩ በአንዳንዱ አምፕሊፋየር ባያሱን በባለሙያ ማስለካት የግድ ሲሆን፣ ባያሱን በራሱ በሚያስተካክለው በሌላው ግን ተመሳሳይ ልኬት ያላቸውን ጥንድ መግጠም ይበቃል። የእርስዎ የትኛው እንደሆነ ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ፤ በሚቀጥሉት ዓመታት የሚያወጡትን ወጪ የሚወስነው ይህ ነውና። የኤሌክትሪክ ገመዱ የመሬት መስመር የሌለው ባለ ሁለት እግር ከሆነም መድረክ ላይ ከመውጣቱ በፊት ባለ መሬት በሆነ ይተካ። ጊታር ይዘው ከንፈርዎ የማይኩን ብረት ሲነካ የሚደርሰው ንዝረት ከዚህ ዓይነት አምፕሊፋየር ጋር ዘወትር የሚያያዝ አደጋ ነው።

ካፓሲተሩን ማስቀየር ከነአምፕሊፋየሩ ዋጋ ተደምሮም ከአዲስ የሚያንስ ከሆነ ድምፁን ወደውታልና ይግዙት።

ጥያቄ፦ ትንሽ የቲዩብ ሄድ (ስፒከር አብሮት የሌለ አምፕሊፋየር) አለኝ። መድረኩ ቅርብ ሲሆን ስፒከር ካቢኔቱን ከመሸከም ሄዱን ብቻ ይዤ ሄጄ የስፒከር መውጫውን ሚክሰሩ ላይ ብሰካው ይሆናል? ካልሆነስ ጓደኛዬ የሚያውሰኝ 16 ኦም ካቢኔት 8 ኦም ከሚለው መውጫ ጋር ይሄዳል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን በፍጹም አያድርጉት። የስፒከር መውጫው የሚያወጣው ለስፒከር የተመጠነ ኃይል ስለሆነ የሚክሰሩን መግቢያ ሊያቃጥል ይችላል። ሄዱም ቢሆን አስፈላጊውን ጭነት ስለማያገኝ በመውጫ ትራንስፎርመሩ ውስጥ የሚፈጠረው ከፍተኛ ቮልቴጅ ትራንስፎርመሩን ይበሳዋል፤ የቲዩብ አምፕሊፋየር ያለ ስፒከር ወይም ያለ ሎድ ቦክስ አይጫወትም። ካቢኔቱን መሸከም ከሰለቸዎት መፍትሔው ስፒከርን የሚተካ ሎድ ቦክስ፣ የካቢኔትን ድምፅ አስመስሎ ወደ ሚክሰር የሚልክ መውጫ ያለው ነው። ካቢኔትን የማያስመስል ተራ ላይን አውት ግን ሻካራ ድምፅ ሲጫወቱ የንብ መንጋ ስለሚመስል አይመከርም።

ካቢኔቱን በተመለከተ ሄድዎ 16 ኦም የሚል መውጫ ወይም መቀየሪያ ካለው እርሱን ይጠቀሙ። ከሌለው አምራቹ በመመሪያው ላይ ካልፈቀደ በስተቀር ኦሙ እኩል የሆነ ካቢኔት መፈለጉ ይሻላል። ጓደኛዎ ሁለት ባለ 16 ኦም ካቢኔቶች ካሉት ሁለቱ በፓራለል ሲያያዙ 8 ኦም ይሆናሉ። በሄዱና በካቢኔቱ መካከል የሚያገናኙት ገመድ ለስፒከር የተሠራ ይሁን፤ የጊታር ገመድ በሶኬቱ ቢመሳሰልም ውስጡ ያለው ሽቦ ቀጭን ስለሆነ ይሞቃል፣ ሲበጠስም ሄዱን ያለ ጭነት ያስቀረዋል።